ሕጋዊ ካናቢስ አብቃይ የት ይኑር? ከአዳማ ሆኜ የተከታተልኩት የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ

ነሐሴ 2013 ነው። ከሥራ ወጥቼ ሰርቪስ ውስጥ እያለሁ አክስቴ ደወሉልኝ። «ልጄ አሜሪካ ሄዶ ሐሺሽ ሊዘራ ነው አሉ። ዛሬውኑ ና» አሉኝና ስልኩን ዘጉት።

እኔ የምሠራው ቆቃ አካባቢ ባለ የጽጌረዳ እርሻ ላይ ነው። አክስቴ አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ነው የሚኖሩት፤ እሳቸው እስከ ዛሬ ናዝሬት ይሏታል። ልጃቸው ለእኔ ከዘመድ በላይ ነው። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆርቲካልቸር አብረን ተማርን፣ ቆቃ አብረን ተቀጠርን፣ አራት ዓመት አንድ ግሪንሃውስ (በፕላስቲክ የተሸፈነ የእርሻ ቤት) ውስጥ ሠራን። ከዚያ ዲቪ ደረሰውና ሰኔ 2010 ሄደ። ስሙን አልጽፍም። ጉዳዩን እንድጽፈው ፈቅዶልኛል፣ ስሙ እንዲነሳ ግን አይፈልግም። ለምን እንደሆነ ስታነቡት ይገባችኋል።

የምጽፈው ይህ ጥያቄ የእሱ ብቻ ስላልሆነ ነው። ግሪንሃውስ የሚያውቅ የእኛ ልጅ አሜሪካ ከገባ አንድ ቀን አንድ ሰው መጥቶ «የሕክምና ካናቢስ እርሻ ላይ ሥራ አለ፣ በሕግ የተፈቀደ ነው፣ ክፍያውም ጥሩ ነው» ይለዋል። ከዚያ በኋላ የሚጠየቀው «የትኛው ስቴት ልኑር?» ነው። እኛም ከዚሁ ጀመርን። ሦስት ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነው መልስ ያገኘነው።

የዚያን ቀን ማታ አክስቴ ቤት ስደርስ ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፈን በኢሞ ደወልን።

«እማዬ፣ ሐሺሽ አይደለም፤ መድኃኒት ነው» አለ።

«ሻሸመኔ አለ የሚባለው ቅጠል አይደለም?»

ትንሽ ዝም አለ። «ተክሉስ ያው ነው» አለ።

አክስቴ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። ለረጅም ጊዜ ማንም አልተናገረም።

ድንጋጤያቸው እውነት ነው። እኛ ሀገር ይህን ተክል ማብቀልም፣ መሸጥም፣ መጠቀምም ወንጀል ነው፤ በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ላይ ተጽፏል። ሰፈር ውስጥ «የእገሌ ልጅ በሐሺሽ ተያዘ» ከተባለ ያ ቤት ለዓመታት አንገቱን ደፍቶ ነው የሚኖረው። አሜሪካ ግን ነገሩ ሁለት ፊት አለው። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1996 ካናቢስን ለሕክምና ፈቀደች፤ ከዚያ ወዲህ አብዛኞቹ ስቴቶች ተከትለዋታል። ሐኪም ወረቀት የጻፈለት ሕመምተኛ በሕጋዊ መንገድ ያገኛል፣ አብቃዩም ከስቴቱ ፈቃድ ይዞ ያበቅላል። የፌዴራሉ መንግሥት ደግሞ ሌላ ሕግ አለው። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው የአደገኛ ዕፆች ሕግ ካናቢስን ከሄሮይን ጋር አንድ መደብ ውስጥ አስቀመጠው። አንድ ክፍል ውስጥ የቆመ አንድ ተክል በስቴቱ ወረቀት ሕጋዊ ነው፣ በፌዴራሉ ወረቀት ወንጀል ነው። ሁለቱም በአንድ ጊዜ እውነት ናቸው።

ጥሪው የመጣለት ከሜን ስቴት ነው። ሜሪላንድ ውስጥ የአበባ ችግኝ የሚያፈላ ግሪንሃውስ ላይ ሲሠራ የተዋወቀው አንድ ፈረንጅ ሜን ገብቶ ኬርጊቨር ሆኗል። ኬርጊቨር ማለት ተንከባካቢ እንደማለት ነው፤ ሜን ውስጥ የሐኪም ወረቀት ላላቸው ሕመምተኞች የሚያበቅል ሰው ነው። የአበቡ ተክሎች ከ30 እንዳይበልጡ ወይም በቅጠል የሚሸፈነው ቦታ 500 ስኩዌር ፊት እንዳያልፍ ሕጉ ይገድበዋል። 500 ስኩዌር ፊት 46 ካሬ ሜትር ግድም ነው። ቆቃ ሄክታር በሄክታር ሆኖ ለለመደ ሰው ይቺ የጓሮ ቦታ ናት። ሆኖም ከእሷ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ሰዎች አሉ። ፈረንጁ ሠራተኛ መቅጠር ይፈቀድለታል፣ እናም የእኛን ልጅ ፈለገው። «ጥቅምት ላይ ምርት ስንሰበስብ ሁለት ቀን መጥተህ እየው፤ ከወደድከው ጠቅልለህ ና» አለው። የአውቶቡስ ቲኬት ሳይቀር ቆርጧል።

በማግስቱ በቴሌግራም የደብተር ገጽ ፎቶ ላከልኝ። በእስክሪብቶ ሠንጠረዥ ሠርቷል። ወደ ታች ሜን፣ ኦሪገን፣ ሚሺጋን፣ ኮሎራዶ፣ ኦክላሆማ። ወደ ጎን የመብራት ዋጋ፣ የፈቃድ ዋጋ፣ የቤት ኪራይ፣ ክረምት፣ ሐበሻ አለ ወይ፣ ቤተ ክርስቲያን አለ ወይ። ደስ አለኝ። እንደዚህ ነው እሱ፤ ግሪንሃውስ ውስጥም ሁሉን በደብተር ነበር የሚይዘው።

አንድ ዓምድ ግን ጎድሎት ነበር።

የጎደለው ዓምድ

እሱ ያኔ ግሪን ካርድ ነው የያዘው። ዜግነት ለመጠየቅ ሁለት ዓመት ገደማ ይቀረዋል። ይህ ነገር ሠንጠረዡ ላይ የለም። እንዳይኖር ያደረገው ደግሞ አንድ ፎርም የሚሞላ ቢሮ ነው። ሄዶ ጠይቋቸው «ስቴቱ ከፈቀደ ምን ችግር አለው፣ ሂድና ሥራ» ብለውታል። ለዚህ ምክር ገንዘብ ከፍሏል። እስከ ዛሬ ሳስበው ያናድደኛል።

እኔ ሕግ አልተማርኩም። ግን የዚያን ሳምንት ሌሊት ሌሊት የአሜሪካ የኢሚግሬሽን አገልግሎት የሚያወጣውን ሳነብ አንድ ነገር ላይ ደረስኩ። መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2019 ባወጣው መመሪያ፣ ካናቢስ በስቴት ደረጃ ቢፈቀድም የፌዴራል ሕግ መጣስ ስለሆነ፣ በዘርፉ ተቀጥሮ መሥራት ጭምር ዜግነት ለሚጠይቅ ሰው «መልካም ሥነ ምግባር» የሚባለውን መስፈርት ሊያሳጣው እንደሚችል ጽፏል። መታሰር አያስፈልግም። መፈረድም አያስፈልግም። በዚያው ዓመት ዴንቨር ውስጥ በስቴቱ ሕግ መሠረት ካናቢስ ሥራ ላይ የነበሩ ሁለት ስደተኞች ዜግነት መከልከላቸው ተሰምቶ የከተማዋ ከንቲባ ማይክል ሃንኮክ ለፌዴራሉ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ደብዳቤ እስከ መጻፍ ደርሰዋል። ዴንቨር እኮ ካናቢስ በቀን ብርሃን የሚሸጥባት ከተማ ናት።

ከዚህም የባሰ አለ። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ከሀገር ወጥቶ ሲመለስ፣ ከዕፅ ጋር የተያያዘ ነገር ካለበት፣ እንደ አዲስ ገቢ ተቆጥሮ በሩ ላይ ሊያዝ ይችላል። «ይህ ሰው በዕፅ ዝውውር ተሳትፏል ብሎ ለማመን ምክንያት አለኝ» ማለት ለኢሚግሬሽኑ ይበቃዋል። ለሽያጭ የሚያበቅል ሰው ደግሞ እዚያ ውስጥ ይወድቃል። ይህን ሳነብ የታየችኝ አክስቴ ናት። ልጃቸው ለፋሲካ ናዝሬት መጥቶ ሲመለስ፣ ዋሽንግተን ኤርፖርት ላይ «ሥራህ ምንድን ነው?» ሲባል ታየኝ።

ደወልኩለት። መጀመሪያ ተቆጣ። «አንተ አዳማ ቁጭ ብለህ ስለ አሜሪካ ሕግ ትነግረኛለህ?» አለኝ። አልተቀየምኩም። «እሺ፣ እኔን አትመነኝ፤ ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን ጠበቃ አንድ ሰዓት ከፍለህ አናግር» አልኩት። አናገረ። ማታ ሲደውል ድምፁ ወርዷል። ጠበቃዋ ያለችውን ቃል በቃል ነገረኝ፦ «ግሪን ካርድ እስከያዝክ ድረስ ለአንተ ሕጋዊ የሚባል ስቴት የለም።»

ያቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ሠንጠረዡን በሙሉ ሰረዘችው። እኛ «የቱ ስቴት?» እያልን ነበር። መጀመሪያ መጠየቅ የነበረበት የያዘው ወረቀት ከየትኛው መንግሥት ጋር እንደሚያገናኘው ነው። ስቴት በሙሉ ኗሪውን የሚያይበት ዓይን እና ፌዴራሉ ስደተኛውን የሚያይበት ዓይን አይገናኙም። ሜንም ይሁን ኮሎራዶ፣ የግሪን ካርዱ ባለቤት ፌዴራሉ ነው።

እሱ ግን አንድ ነገር አልዋጥልህ አለው። «ሁለት ቀን ብቻ ነው እኮ። ሄጄ ልርዳውና ልመለስ።» ጠበቃዋ የዜግነት ማመልከቻውን ጥያቄዎች ከፍታ አሳየችው። አንዱ፣ ዕፅ ሸጠህ ወይም አዘዋውረህ ታውቃለህ ወይ ይላል። ሌላው፣ ሳትያዝ የቀረህበት ወንጀል ፈጽመህ ታውቃለህ ወይ ይላል። «መቼም ቢሆን» ነው የሚለው። ሁለት ቀንም መቼም ውስጥ አለ። መልሱን በመሐላ ነው የሚሰጠው። «አዎ» ካለ ፋይሉ እዚያው ሊቆም ይችላል። ዋሽቶ «የለም» ካለ ደግሞ ዜግነቱን ካገኘ ከዓመታት በኋላም ሊነጠቅ ይችላል። ቲኬቱን ሰረዘው።

የሚያሳዝነው ችሎታው

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ይህ ልጅ ለገንዘብ ብቻ ሲል የተቁነጠነጠ እንዳይመስላችሁ።

ቆቃ ሳለን ትልቁ ጠላታችን ቦትራይቲስ ነበር። ግራጫ ሻጋታ ነው። ጽጌረዳው ቅጠል ላይ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ነጥብ ታያለህ፣ ወይም ምንም አታይም። ፓክሃውስን (ማሸጊያ ክፍሉን) ያልፋል፣ ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ ሆላንድ ሲደርስ አበባው ቡናማ ሆኖ ይከፈታል። መነሻው ሌሊት ነው። ሊነጋጋ ሲል አየሩ ይቀዘቅዛል፣ እርጥበቱ ይወጣል፣ አበባው ላይ ጤዛ ይቀመጣል፣ ዘሩ ያንን ጤዛ ጠጥቶ ይበቅላል። እሱ ከሁላችንም ቀድሞ ነበር የሚገባው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ሳይሆን የእጁን ጀርባ ፕላስቲኩ ላይ ያስቀምጣል። እርጥብ ከሆነ ዝም ብሎ ሄዶ መስኮቱን ይከፍታል። መሣሪያው የሚለውን በኋላ ነው የሚያየው።

ካናቢስን የሚያጠፋውም ይኸው ቦትራይቲስ ነው። አበባው ድፍን ያለ ስለሆነ ከውስጥ፣ ከግንዱ አጠገብ ይጀምራል። ከውጪ ጤነኛ ነው። ምልክቱ አንዲት ቅጠል ብቻ ናት፤ ከአበባው መሃል ወጥታ ትደርቃለች፣ ስትስባት ያለምንም ጉልበት ትነቀላለች። አበባውን ፈልቀቅ ካደረግከው ውስጡ ግራጫ ነው። ይህን የሚጠቀመው ደግሞ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) የሚወስድ ሰው ሊሆን ይችላል፣ ሰውነቱ ሻጋታን የማይቋቋም። ስለዚህ ለሕመምተኛ የሚያበቅል ሰው ሻጋታን የሚፈራው ለገበያ ሲል ብቻ አይደለም።

ሌላም አለ። ቆቃ አካባቢ ወደ ውጪ የሚላክ የፖይንሴቲያ ካቲንግ (ተቆርጦ የሚተከል ቅርንጫፍ) ይመረታል፤ ያቺ ፈረንጆች ለገና የሚገዟት ቀይ ቅጠል ያላት ተክል ናት። እኛ ጋ ቀንና ሌሊት እኩል ለእኩል ናቸው፣ ዓመቱን ሙሉ ልዩነታቸው ትንሽ ነው። ፖይንሴቲያ ሌሊቱ ሲረዝምባት ወደ አበባ ትሄዳለች፤ እንዳትሄድ እኩለ ሌሊት ላይ አምፖል ይበራላታል። ካናቢስም እንደዚያው ነው። እናት ተክሎቹን 18 ሰዓት ብርሃን ትሰጣቸዋለህ፣ ቅጠል ብቻ ያወጣሉ። 12 ሰዓት ጨለማ ስትሰጣቸው ያብባሉ፣ ከዚያ ከስምንት እስከ አሥር ሳምንት ትጠብቃለህ። ሜሪላንድም የሚሠራው ፖይንሴቲያ ላይ ነበር። ችሎታው በሙሉ እጁ ላይ ነው ያለው፣ ያገደው ወረቀቱ ብቻ ነው።

የመጠበቁ ጊዜ

ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ጠበቀ። በመሃል ብዙ ተፈትኗል። 2014 ላይ፣ ጥር 2012 አዳማ ያገባት ሚስቱ መጥታ አብረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ መኖር እንደጀመሩ፣ ከዳላስ አንድ የሚያውቀው ሰው ደወለለት። ኦክላሆማ እንሂድ አለ። ኦክላሆማ እ.ኤ.አ. በ2018 በሕዝብ ድምፅ ነው የሕክምና ካናቢስን የፈቀደችው። የፈቃዱ ክፍያ 2,500 ዶላር ብቻ ነበር፣ መሬቱም ርካሽ ነው፣ ዳላስም ቅርብ ነው፣ ዳላስ ደግሞ ሐበሻ ሞልቷል። ሠንጠረዡ ላይ ቢቀመጥ ኦክላሆማ ሁሉን ታሸንፋለች።

ግን ከባለቤትነቱ 75 በመቶው የኦክላሆማ ኗሪ መሆን አለበት፣ ኗሪነቱም ሁለት ዓመት የሞላው። ሰውዬው «በስም ብቻ ባለቤት የሚሆን ሰው አለኝ» አለ። ያኔ ነው እኔ ያለመጠን የጮህኩት። የሌላ ሰው ስም ላይ የተሠራ እርሻ በስቴቱም ሕግ ወንጀል ነው፤ ያኔ ሁለቱም መንግሥታት አንድ ላይ ይመጡብሃል። ልጁም ገብቶታል፣ አልሄደም። በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2022፣ ኦክላሆማ አዲስ ፈቃድ መስጠት አቆመች። እርሻው ከልክ በላይ በዝቶባት ነው።

መጋቢት 2015 ዜግነት ጠየቀ። ጥር 2016 የዜግነቱን መሐላ ማለ። አክስቴ ያን ቀን ሰፈሩን ጠርተው ቡና አፈሉ፤ ስለ ካናቢስ ማንም አላነሳም።

ሁለተኛው ሠንጠረዥ

ዜጋ ከሆነ በኋላ ነው ምርጫው በእውነት የተጀመረው። ዜጋ ስለሆነ የፌዴራሉ ሕግ ተነሣለት ማለት ግን አይደለም። ጠበቃዋ አንድ ጠቃሚ ነገር ነገረችው። የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ በጀት ሲያጸድቅ አንድ አንቀጽ ያስገባል፤ የፌዴራሉ ፍትሕ መሥሪያ ቤት የስቴቶችን የሕክምና ካናቢስ ሕግ ለማደናቀፍ ገንዘብ እንዳያወጣ ይከለክላል። የሕክምናውን ብቻ ነው። ለመዝናኛ የሚሸጠውን አይሸፍንም። ስለዚህ የሕክምና ፈቃድ ካለው ቦታ መሥራት ለእሱ የቃላት ጉዳይ አልነበረም።

አዲሱ ሠንጠረዥ ላይ የመጀመሪያው ዓምድ የሚስቱ ሆነ። እሷ ግሪን ካርድ ነው ያላት። አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የነርስ ረዳት ናት፣ ነርሲንግ ለመማር ትፈልጋለች፣ ዜግነት የምትጠይቀው 2019 ላይ ነው። እሱ ያመለጠው ወጥመድ ለእሷ አሁንም ተዘርግቷል። ጠበቃዋ አጥብቃ ነው የተናገረችው፦ እሷ እርሻው ላይ አትቀጠርም፣ አትረዳም፣ ከረጢት አታቀብልም፣ የምትኖርበት ቤት ውስጥም አንድ ተክል አይኖርም።

ሜን እዚህ ላይ ወደቀች። ብዙዎቹ የሜን ኬርጊቨሮች የሚያበቅሉት ቤታቸው ወይም ቤታቸው አጠገብ ነው፤ ምድር ቤት፣ ጋራዥ፣ ከጓሮ ያለ መጋዘን። ነፃነቱ ያለው እዚያ ነው፣ አደጋውም እዚያው። ለብቻው ቢሆን ኖሮ ሜንን እመርጥ ነበር ብሎኛል፣ እኔም አምነዋለሁ። የራሱ ሥራ፣ የራሱ ሕመምተኞች፣ 46 ካሬ ሜትር በእጁ ጀርባ የሚቆጣጠራት ቦታ። ይህን መተው ከብዶታል።

ሚሺጋን አንድ ኬርጊቨር ለአምስት ሕመምተኛ፣ ለእያንዳንዱ 12 ተክል እንዲያበቅል ትፈቅዳለች፣ ግን የቤቱ ጉዳይ ያው ነው። ኦሪገን ደግሞ ከሚያስፈልገው በላይ ስለሚመረት ዋጋው ወድቋል። በዚያ ላይ ሜዳ ላይ የሚያበቅል ሰው ምርቱ የሚደርስለት መስከረምና ጥቅምት ላይ፣ ዝናቡ ሲጀምር ነው። ቦትራይቲስን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ሆዱ ይላወሳል።

የቀረችው ኮሎራዶ ናት። እ.ኤ.አ. በ2000 የሕክምናውን ፈቅዳለች። እዚያ ያገኘው ሥራ ተቀጣሪነት ነው። የሕክምና ፈቃድ ያለው ድርጅት፣ ዴንቨር ውስጥ ፋብሪካና መጋዘን ያለበት ሰፈር። ሠራተኛው ከስቴቱ ባጅ ያወጣል፣ እያንዳንዱ ተክል ቁጥር ያለው ታግ ይታሰርበታል፣ ከችግኝ እስከ ሽያጭ በኮምፒውተር ይመዘገባል። ይህን ለአክስቴ ስነግራቸው «እንደ ከብት ጆሮ?» አሉ። «አዎ፣ እንደዚያ» አልኳቸው። ሲዘረፍም ሲጠፋም የሚታወቅ ነገር መሆኑ ነው መሰለኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ፈታ አለ።

ዋናው ነገር ግን ተክሉ ከዚያ ሕንፃ አይወጣም። ማብቀያው ዴንቨር፣ መኖሪያው አውሮራ። ሁለቱን አንድ ጥያቄ አድርገን ነበር ስንፈልግ የከረምነው፤ ለዚህ ቤተሰብ ሁለት ጥያቄ ነበሩ።

አውሮራን የመረጠችው ሚስቱ ናት። ሐቫና መንገድ ላይ የሐበሻ ሱቅና ምግብ ቤት አለ፣ እንጀራ አለ፣ በአማርኛ የሚቀደስበት ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ልጅ ሲወለድ የሚያርስ ሰው አይጠፋም። ዴንቨር 1,600 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት፣ አዳማ ደግሞ 1,700 አካባቢ። ስትደርስ «አየሩ የቤታችንን ይመስላል» ብላ ላከችልን። አየሩ ደረቅ ነው። ለእሱም ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ዝግ ክፍል ውስጥ ቢሠራም ከውጪ የሚገባው አየር ደረቅ ሲሆን እርጥበት ማውጣት ይቀላል። ግን ደረቅ አየርን ማይት የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ይወደዋል። ከቦትራይቲስ ተገላገልኩ ሲል ማይት መጣበት። ቆቃም በጋ ላይ የሚያስለቅሰን እሱ ስለሆነ ያውቀዋል፤ ቅጠሉን ገልብጦ ጀርባውን እያየ ስካውት ያደርጋል፣ ልክ እንደ ድሮው።

ያልተነገረው ወጪ

ክፍያው ጥሩ ነው የተባለው ነገር እንደተባለው አልሆነም። እሱ ሥራ ሲጀምር ካናቢስ የሚነግድ ድርጅት በፌዴራል የግብር ሕግ እንደ ሱቅ ኪራይና እንደ ሻጭ ደመወዝ ያለ መደበኛ ወጪ ከገቢው መቀነስ አይችልም ነበር። ይህ ጫና በመጨረሻ ሠራተኛው ላይ ይወርድ ነበር። ኮሎራዶ ውስጥ ደግሞ ያለ ሐኪም ወረቀትም መግዛት ስለሚቻል የሕክምናው ገበያ እየሳሳ ነው። ሥራው ነገ ላይኖር ይችላል፣ ይህን አውቆ ነው የገባው።

አንድ ባንክ ደመወዙ ከየት እንደሚመጣ ሲያውቅ ሂሳቡን ዘጋበት። ሌላ አገኘ፣ ግን ወር ሙሉ ተንከራተተ። ቤት ለመግዛት ብድር ሲጠይቁ የእሱን ገቢ አንቆጥርም አሏቸው፤ በሚስቱ ደመወዝ ብቻ ደግሞ አልበቃም። ተከራይተው ነው ያሉት። የኪራይ ውሉ ላይ ካናቢስ በግቢው ውስጥ አይገባም ይላል፣ እሱም አያስገባም። የሥራ ልብሱና ጫማው እዚያው መቆለፊያ ውስጥ ነው የሚያድረው። ሻወር ወስዶ ነው ወደ ቤት የሚነዳው። መኪናው ውስጥ አንዲት ቅጠል አትገኝም፤ እሷን ይዞ ከስቴት ወደ ስቴት መሻገር ደግሞ፣ ሁለቱም ስቴት ቢፈቅዱ እንኳን፣ የፌዴራል ወንጀል ነው።

እ.ኤ.አ. ግንቦት 2024 የፌዴራሉ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ካናቢስን ወደ ቀለል ያለ መደብ ለማውረድ ሐሳብ ሲያቀርብ ብዙ ሰው «አለቀ፣ ተፈታ» ብሎ ደውሎለታል። ቢጸድቅ ለግብሩ ነገር ትልቅ ለውጥ ነው። ለሚስቱ ግን አይደለም። የኢሚግሬሽኑ ሕግ የሚጠይቀው ዕፁ ቁጥጥር የሚደረግበት ነው ወይስ አይደለም ብሎ ነው፤ መደቡ ቢወርድም ቁጥጥሩ አለ። ስለዚህ መቆለፊያው እንዳለ ነው፣ ሻወሩም እንዳለ ነው፣ ቢያንስ እሷ እስክትምል ድረስ። ስሙን ያልጻፍኩትም ለዚህ ነው።

ለፋሲካ 2017 ሁለቱም መጡ። ስምንት ሰው ተሰብስበን ቦሌ ተቀበልናቸው። አዲስ ሻንጣ፣ አዲስ ጫማ፣ አዲስ ጃኬት፤ ሥራ ቦታ የደረሰ አንድም ዕቃ ይዞ አልመጣም። እዚህም አንቀጽ 525 እንዳለ አይረሳም። አክስቴ በሩ ላይ አቅፈው ይዘውት ብዙ ቆዩ፣ ከዚያ ጃኬቱን አሸተቱት። ምንም አላሉም። እሱም ምንም አላለም።

ማግሰኞ በጠዋት ቆቃ ይዤው ሄድኩ። ገና ሳይነጋ። እጁን አውጥቶ ፕላስቲኩ ላይ አስቀመጠ፣ ወደ እኔ ዞረ፣ መስኮቱን ከፈትኩት።

ሊሄዱ ሲሉ አክስቴ ያሽጉ ጀመር። ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ፣ ቆሎ። አንድ ፌስታል ሙሉ ደረቅ በሶብላ ደግሞ ነበር፣ እራሳቸው ጣራ ላይ ያደረቁት። ልጃቸው ፌስታሉን አንሥቶ አየና ቀስ ብሎ መልሶ አስቀመጠው። «እማዬ፣ እኔ ደረቅ ቅጠል በሻንጣ ይዤ አልሄድም። እሷም አትይዝም» አለ።

አክስቴ ለምን ብለው አልጠየቁም። ፌስታሉን ይዘው ባጃጅ ጠሩ፣ ወፍጮ ቤት ሄዱ፣ በሶብላውን ከበርበሬው ጋር አስፈጭተው መጡ።